ለአንዲት ትንሽ እግር ወደ አቃቂ

ይህ ጉዞ የተደረገው በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ አቃቂ ገና ለብቻዋ ከተማ፣ የባቡርና የፋብሪካ ከተማ በነበረችበት ዘመን። ከአዲስ አበባ አቃቂ መሄድ ሩቅ አገር ባያሰኝም ስንቅ ያስይዝ ነበር። እኔ የያዝኩት ስንቅ ግን የሚበላ አልነበረም፦ ስድስት ጥቅል ጄሶ፣ ሁለት እሽግ ጥጥ፣ አንድ መቀስና በወተት ጣሳ የከተትኩት ሳሙና።

ማንነቴን ተናግሬ ልቀጥል። ተክሌ እባላለሁ፤ በአንድ የአዲስ አበባ ሆስፒታል የጄሶ ክፍል ድሬሰር ነበርኩ። እናቶቹ "ጋሼ ጄሶ" ይሉኛል፤ እኔም ስሙን ወድጄዋለሁ። ስብራትም ውልቃትም እጄ ያልገባ የለም፤ ከሁሉ የምወደው ግን የሕፃናትን ቆልማማ እግር ማቃናት ነው። ላላየ ሰው፦ ልጁ ሲወለድ መርገጫው ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ተረከዙ ወደ ላይ ተሰቅሎ ይመጣል። ዝም ከተባለ በእግሩ ጀርባ እየረገጠ ያድጋል። እኛ ዘንድ ፈረንጁ ሐኪም በጣቶቹ ቀስ አድርጎ ያቃናዋል፤ እኔ ከጣቶቹ ሥር እስከ ጭኑ ጄሶ እጠመጥምበታለሁ። በሳምንቱ ማክሰኞ ይፈታል፣ ትንሽ ይቃናል፣ ተመልሶ ይጠመጠማል። የጨቅላ አጥንት እርጥብ ነው፤ ቀስ ብለው ከለመኑት እሺ ይላል። ከሰነበተ ግን ይደርቅና ያለ ቢላዋ አይመለስም።

የሺ የምትባል የአቃቂ ልጅ እኛ ዘንድ የመጣችው በተወለደች በአራተኛ ሳምንቷ ነው። ቀኝ እግሯ ቆልማማ ነበር። እናቷ ብዙነሽ፣ አራስ ናት እንግዲህ፣ ለክፉ ዓይን ብላ ምስማር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ሦስተኛ ማዕረግ ባቡር ተሳፍራ፣ ስምንት ማክሰኞ ሳታጓድል ተመላለሰች። እግሩ አምሮበት ነበር። ሐኪሙም "ሁለት ጄሶ ብቻ ቀረ" ብሎ ነበር። ከዚያ ጠፋች። አንድ ማክሰኞ ቀረች፤ ሁለት ቀረች፤ ሦስት።

በየማክሰኞው ሥራ ስጀምር አግዳሚው ላይ ለተደረደሩት እናቶች የማሰማው ስብከት አለኝ፦ "ይህን ጄሶ ቤቷ የፈታች፣ ውሃ ያስነካች፣ ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ እንዳትመጣ!" ከልቤ ተቆጥቼ አይደለም፤ ልማድ ነው። አንዳንዶቹ ይስቃሉ። እኔ ግን ካልተቆጡ ጄሶ አይከበርም ብዬ አምን ነበር።

ዓርብ ዕለት ሐኪሙ የየሺን ካርድ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። "ተክሌ፣ ይቺ ልጅ የት?" አለኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። እኔ ምን ላውቅ! "አንድ ወር ባዶ ከሆነ፣ እንደገና ከመጀመሪያ። ምናልባት ቢላዋ" ብሎ ጣቱን በራሱ ተረከዝ ላይ አሳለፈ። ቅዳሜን ፈቃድ ጠየቅኩ፤ ሰጠኝ። "ካገኘሃት እዚያው በጄሶ ያዝልኝ፤ ማክሰኞ ትምጣ" አለኝ።

እኔን ያስፈራኝ ቢላዋው ብቻ አልነበረም። ወጌሻ ነው። አንድ ጊዜ ከዛፍ የወደቀ የስምንት ዓመት ልጅ አምጥተውልን ነበር፤ ወጌሻ ክንዱን በቀርከሃ ጥርቅም አድርጎ አስሮት፣ እጁ ጠቁሮ፣ ጣቶቹ ቀዝቅዘው። መቆረጥ ነበረበት። ያችን ትንሽ እጅ በጨርቅ ጠቅልዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወጌሻ ያሰረው ልጅ መጣ ሲባል መቀሴን ይዤ እሮጣለሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለገሃር

ባቡሩ ይነሳል የተባለው በአንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ የተነሳው ሁለት ሰዓት አልፎ። የሦስተኛ ማዕረግ ቲኬት በሠላሳ ሳንቲም ቆርጬ የእንጨቱ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ከፊት ለፊቴ ሞጆ የሚወርዱ አንዲት አሮጊት፣ እግራቸው የታሰረ ሁለት ዶሮዎች ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ቦርሳዬ አልዘጋ ብሎ ጄሶው ይታያል፤ ዓይናቸውን ከዚያ ላይ አላነሱም።

"ልጄ፣ እሱ ነጩ ነገር ምንድን ነው? ዱቄት ትነግዳለህ?"

"ጄሶ ነው እማማ። የታጠፈ እግር እናቃናበታለን።"

"እሰይ! እንግዲያው የኔንም ጉልበት አቃናልኝ።"

"የእርስዎስ ደርቋል" አልኳቸው።

"አፍህ ይድረቅ!" አሉኝና ሳቁ፤ ሠረገላው ሁሉ አብሮ ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ከመቀነታቸው የሽምብራ ቆሎ ፈተው እፍኝ ሙሉ ሰጡኝ። ቁርሴ እሱ ሆነ።

የከተማው ቆርቆሮ ጣሪያ ቶሎ አለቀ። ቀጥሎ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ ሜዳ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ጤፉ መገርጣት ጀምሯል፣ በጥቁሩ መረሬ አፈር ላይ ሽምብራ ይዘራሉ። ቃሊቲ ላይ ባቡሩ ለምን እንደቆመ ሳይታወቅ ቆመ፤ ሰዎች ወርደው ሸንኮራ ገዝተው ተመለሱ። ከዚያ በስተግራ የፋብሪካዎቹ ጭስ ማውጫዎች ብቅ አሉ። ልጅ ሆኜ የሚያጨስ ቤት ባቡር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እዚህ ግን ቤቱም ያጨሳል። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ስቆጥር አሮጊቷ "ግባ፣ አንገትህን ማን ይጠግንልሃል?" ብለው ኮቴን ሳቡኝ።

ሦስት ሰዓት፣ አቃቂ ጣቢያ

አቃቂ የራሷ ሽታ አላት፦ የማሽን ዘይት፣ የኩበት ጭስ፣ የጥጥ ብናኝ። ከጣቢያው ማዶ ባለች ሻይ ቤት አንድ ሻይ በአሥር ሳንቲም ጠጥቼ፣ አንድ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም በላሁ። ፓስቲው ትኩስ ነበር፤ ጣቴን ላስኩ።

ካርዱ ላይ ያለው አድራሻ "አቃቂ፣ ከጨርቃ ጨርቁ በታች፣ ታደሰ ሸማኔ" ይላል። ታደሰ የየሺ አባት ነው። ቀላል መስሎኝ ነበር። መረሬው ጫማዬን እየሳበ ወደ ፋብሪካው የሚወስደውን መንገድ ይዤ ወረድኩ፤ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅኩ። እንጨት የተሸከመች ሴት "አላውቅም"፤ በረኛው "አላውቅም"፤ ልብስ ሰፊው ራሱን እንኳ ሳያነሳ "አላውቅም"። ታደሰ የሚባል ሰው አቃቂ ተወልዶ አያውቅም ማለት ነው! ልናደድ ምንም አልቀረኝም።

በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ከድር ይባላል፣ ከስልጤ አገር የመጣ ሰው ነው፤ ጨው እየመዘነ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ታደሰ ብዙ ነው ጌታዬ" አለ።

"ሸማኔው። እግሯ የታመመ ሕፃን አለችው።"

"እግር የማይታመም ማን አለ? ጨው ይፈልጋሉ?"

በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ቦርሳዬን ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩት፤ ጄሶው ተንከባለለ፣ ጥጡ ወጣ፣ መቀሱ ሚዛኑ ላይ አረፈ። ከድር አንዱን ጥቅል አነሳና አሸተተው። ከዚያ ፈገግ አለ።

"ሐኪም ቤት ነኝ አይሉም እንዴ! በዚህ ካኪ ኮትና በዚህ ቦርሳ ከማዘጋጃ ቤት የመጡ መስሎን እኮ ነው። ባለፈው ሳምንት እንደ እርስዎ ያለ ሰው መጥቶ የስንቱን አጥር ለካ፤ አሁን አፍርሱ ተብለናል።" ሳቀና ወንበር አወጣልኝ። "ለጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ እርስዎ ደግሞ አጥንት ፍለጋ መጡ!"

ለካ መንደሩ ሁሉ ታደሰን ደብቆብኝ ኖሯል። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ከድር እንዲህ አለኝ፦ "ታደሰ እስከ ስድስት ሰዓት ሥራ ላይ ነው፤ ከዚያ ኳስ አለበት። ልጅቷን ደግሞ አባባ ቱሉ ይዘውለታል። ወጌሻው። ጠዋት ጠዋት ወንዙን እየተሻገሩ ያስሯታል።"

ያስሯታል። ያችን ጠቅልዬ ያወጣኋትን እጅ አየኋት። ቤቱን አሳየኝ ብዬ ተነሳሁ፤ ከድር ግን ክንዴን ያዘኝ። "ከወንዙ ማዶ ነው። ለካኪ ለባሽ ማንም በሩን አይከፍትልዎትም። ታደሰን ይዘው ይሂዱ" አለኝ። ያየሁትን አይቼ ስለነበር አመንኩት።

ስድስት ሰዓት፣ የፋብሪካው በር

የፋብሪካው ፉጨት ሲነፋ ውሾቹ ሁሉ አብረው አላዘኑ። በሩ ተከፈተና ሰው ጎረፈ፤ ፀጉራቸው፣ ቅንድባቸው ሳይቀር ጥጥ ለብሷል። ወጣት ናቸው፤ አብዛኞቹ ጢም እንኳ አላወጡም። ከጉራጌ፣ ከመንዝ፣ እዚሁ ከዙሪያው የገበሬ መንደር የመጡ። ስለ ጨዋታው እየጮሁ ያልፋሉ። "ታደሰ?" ብዬ ብጠይቅ "በኋላ በር ወጥቶ ሜዳ ገብቷል፤ ግራ ክንፍ እኮ ነው!" አሉኝ። የሸማኔው እግር ለፋብሪካው ከእጁ ያላነሰ ዋጋ እንዳለው የገባኝ ያኔ ነው። በኳስ የተነሳ ሥራ ያገኘ ልጅ ብዙ ነው አሉኝ፤ እግሩ ሲበላሽ ሥራውም ይበላሻል።

ሜዳው ከፋብሪካው ጀርባ ነው፤ ግማሹ ሣር፣ ግማሹ ጭቃ። ጎሉ የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። ተጋጣሚው የብረታ ብረት ፋብሪካ ቡድን ነበር፤ ትከሻቸው ሰፊ፣ ሩጫቸው ከባድ። ታደሰን አሳዩኝ፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። እየጠራሁት ጨዋታ ላቋርጥ አልችልም፤ ደጋፊው ይገነጣጥለኝ ነበር። ስለዚህ ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩበት ቦታ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ቅቤ የያዘ ቀንድና የጨርቅ ጥቅል ከፊታቸው አኑረው ኳሱን ያያሉ። ማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም፤ ገብቶኛል። አባባ ቱሉ።

ላፋጥጣቸው አፌን ስከፍት አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እያነከሰ መጣ፤ የተጠባባቂ ማሊያ ለብሷል። ሽፈራው አሉት። ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበ፤ ከጉልበቱ በታች አጥንቱ ጎበጥ ብሏል።

"አባባ፣ አጥንቱ ወጥቷል። መልሱልኝና ልግባ" አለ።

ሽማግሌው በአውራ ጣታቸው እብጠቱን ነካ አደረጉት፤ ልጁ ዘለለ። ጭኑን ያዙ፣ ጅማቱን ዳበሱ። ከዚያ ስለ ጉልበቱ ሳይሆን ስለ ሱሪው ጠየቁት።

"ይህ ሱሪ መቼ ተገዛልህ?"

"ለፋሲካ።"

"ለፋሲካ ቁርጭምጭሚትህን ይሸፍን ነበር?"

"አዎ።"

"እንግዲህ አጥንትህ ሮጦ ጅማትህ ወደ ኋላ ቀርቷል። ጅማቱ እየሳበው ነው የሚያምህ፤ የወጣ ነገር የለም። እስኪደርስበት ጠብቅ። እስከ ገና ኳስ የለም።"

"ኧረ አባባ በእናትዎ! ትንሽ ቢያሹልኝ..."

"አላሽም። ይህ የሚታሽ አይደለም" አሉና ሱሪውን ወደ ታች መለሱለት። የቡድኑ አለቃ ከወዲያ ሆኖ "አባባ፣ ልጁን ገደሉብን እኮ!" ብሎ ጮኸ። እሳቸው እንዳልሰማ ሰው ወደ ኳሱ ዞሩ።

የኛ ፈረንጅ ባለፈው ዓመት አንድ ሯጭ ተማሪ እንዲሁ ጉልበቱን ይዞ ሲመጣ በራጅ አይቶ የተናገረው ይህንኑ ነው፤ የሚያድግ ልጅ ጉልበት ነው፣ ይረፍ ብሎ። እኚህ ሰው በሱሪ ርዝመት ደረሱበት! ሥራው አለመንካት ሲሆን የማይነካ ወጌሻ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቢሆንም ልቤ አላረፈም፤ ጉልበት ሌላ፣ የጨቅላ እግር ሌላ።

"አካም ጅርቱ አባባ" አልኩ በምችላት ኦሮምኛ። "የታደሰን ልጅ የሚያስሯት እርስዎ ነዎት?"

ዘወር ብለው ቦርሳዬን፣ ቀጥሎም እጄን አዩ። የጄሶ ሠራተኛ እጅ ያስታውቃል፤ ጥፍሩ ሥር ነጭ አይጠፋም። "ጋሼ ጄሶ አንተ ነህ" አሉኝ። "ዘገየህ።"

ዘጠኝ ሰዓት፣ ከወንዙ ማዶ

ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ። ታደሰ ሲያየኝ ፊቱ ዓመድ መሰለ፤ "የጄሶውን ሊያስከፍሉን ነው?" ብሎ ነው ሰላምታ የሰጠኝ። አይደለም ብዬ ብምልለትም አላመነኝም። ሦስታችን ወደ ወንዙ ወረድን። አቃቂ ወንዝ ክረምቱን ጠጥቶ ገና አልጎደለም፤ ድንጋይ ለድንጋይ ስንሻገር አባባ ቱሉ በሰባ ዓመታቸው ቀድመውኝ አለፉ፤ እኔ ግን አንድ ጫማዬን ውሃ ሞላሁ። ሲስቁ ጥርሳቸው ሙሉ ነው።

ቤቱ በጭቃ የተመረገ፣ ንጹሕ ቤት ነው። ብዙነሽ ልጇን አቅፋ በር ላይ ቆማለች። እኔን ስታይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

"ምነው ብዙነሽ? ሦስት ማክሰኞ! ምን ሆነሽ ነው የቀረሽው?" አልኳት፤ እንደ ልማዴ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

"አትምጪ ብለውኝ የለ ጋሼ።"

"እኔ? መቼ?"

"ሁልጊዜ። የፈታች፣ ያረጠበች እዚህ ደጃፍ እንዳትመጣ ብለዋል። እኔ ደግሞ መፍታት ግድ ሆነብኝ። ሰማንያ ቀኗ ደረሰ፤ ክርስትና መነሳት አለባት። በጄሶ እንዴት ትጠመቅ? ሜሮኑስ? ሜሮን መገጣጠሚያዋን ሁሉ ሊነካ ይገባል፤ ከሁሉም ይልቅ ያንን የታመመውን። በዋዜማው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ፈታሁት። ማክሰኞ ዕለት ጣቢያ ድረስ ሄጄ ነበር። ምን ፊት ይዤ ልግባ ብዬ ተመለስኩ።"

ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ አንድ ነገር አምጥታ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። ከልጇ እግር የፈታችው የጄሶ ጨርቅ ነው። ነጭ እስኪሆን አጥባ፣ በፀሐይ አድርቃ፣ ልክ እኔ እንደማደርገው አጥብቃ ጠቅልላዋለች። "የመንግሥት ንብረት ነው ብዬ አስቀምጬዋለሁ። አንድም አልጎደለም" አለች።

ያንን ጥቅል በሁለት እጄ ተቀበልኩት። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። በዓመት ስንት ጊዜ ያንን ስብከት ተናግሬ ይሆን? ስንቷስ እናት ሰምታኝ ይሆን፣ ሳቀች ብዬ ያለፍኳት? ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደሚነሱ አጥቼው ነው? የራሴን ሦስት ልጆች ያስነሳሁ ሰው ነኝ! በዋዜማው መፍታት፣ ካለፈ በኋላ መልሶ መጠምጠም ለኔ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅኩም።

"እስቲ እግሯን ልይ" አልኩ።

የሺ እግሯ ላይ ያለው ቀርከሃ አልነበረም። ታደሰ ከፋብሪካው ያመጣው የተረፈ የጨርቅ ጠርዝ ነው፤ ለስላሳ፣ ስፋቱ ሁለት ጣት። ከሥሩ የበግ ቆዳ ጠጉሩ ወደ ውስጥ ሆኖ። አባባ ቱሉ ሊፈቱት ሲሉ መጀመሪያ የአውራ ጣቷን ጥፍር ጫን አድርገው ለቀቁት። ነጣ፤ ወዲያው ቀላ። ደሙ መመላለሱን ለማወቅ እኔ በየቀኑ የማደርገው ነው፤ ያስተማረኝ ፈረንጁ ነው።

"ይህንን ማን አስተማርዎት?" አልኳቸው።

"አንድ ልጅ" አሉ። ጨርቁን እየፈቱ ቀጠሉ። "በወጣትነቴ አጥብቄ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ ጣት ሳላይ አላድርም።"

እኔም ስለዚያች እጅ ነገርኳቸው።

እግሩ እንዴት ነበር? እውነቱን ልናገር፤ ትንሽ ወደ ውስጥ ተመልሷል፣ ተረከዙም ከፍ ማለት ጀምሯል። ግን ተይዟል! ባዶውን ቢሆን ኖሮ አሁን ግማሹን መንገድ ተመልሶ ነበር። አያያዙን ከየት አመጡት ብዬ ስጠይቅ ሽማግሌው በአገጫቸው ብዙነሽን አሳዩኝ። ስምንት ማክሰኞ የሐኪሙን ጣቶች ስታይ ኖራለች። አውራ ጣቱ የት እንደሚያርፍ፣ የቱን ገፍቶ የቱን እንደማይነካ፣ በታጠፈ ጨርቅ ላይ አድርጋ አሳየችኝ፤ አንድም አልሳተችም። እኔ አግዳሚው ላይ የተቀመጡ ሴቶች ተራ የሚጠብቁ ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

"ብዙነሽ" አልኳት፣ "ያልኩሽ ነገር የአፍ ልማድ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በይኝ።"

ጎንበስ ብላ መሬት መሬት አየች። ታደሰ ደንግጦ "ኧረ ጋሼ፣ እንዲህማ አይበሉ" አለ። አባባ ቱሉ ግን "ተወው ይበል" አሉ። "ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። እኛ በአያያዝ እንጠነቀቃለን፤ አንተ በአነጋገርህ ተጠንቀቅ።"

ጄሶውን እዚያው ሠራሁት። ብዙነሽ ውሃ ለብ አድርጋ አመጣች፤ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረችው የሺ ጡጦ እንደያዘች ሁሉ የራሷን ጡጫ ትጠባለች። አባባ ቱሉ እግሩን ያዙ፤ ብዙነሽ ከጎን ሆና "አውራ ጣትዎን ትንሽ ወደዚህ" እያለች አዘዘቻቸው፤ ታዘዙ። እኔ ጠመጠምኩ። ሲደርቅ ሦስታችንም ተራ በተራ ጣቷን ጫን አድርገን አየን። ከዚያ ብዙነሽ የተልባ ወጥ በትኩስ እንጀራ አቀረበች፤ ዓርብ ረቡዕ ባይሆንም ሽማግሌው ከጾም ወጥ ሌላ ሆዴ አይወድም ይላሉ። ጠግቤ በላሁ። አንድ ጫማዬ ምድጃ ዳር እየደረቀ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ወደ ቤት

በባቡር አልተመለስኩም፤ ከደብረ ዘይት የሚመጣ አውቶቡስ አገኘሁ። ከድር መንገድ ድረስ ሸኘኝ፤ አንድ ኩባያ ቆሎ በጋዜጣ ጠቅልሎ ኪሴ ከተተልኝና "ሁለተኛ ሲመጡ ካኪውን ቤት ይተዉት" አለኝ። ሳሪስ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም ነበር። በመስኮቱ በኩል ልጆች የጨርቅ ኳስ ሲያባርሩ አየሁ፤ ሳላውቀው የሁሉንም እግር እያየሁ ነበር። ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ጫማዬን አይታ "ምን ውስጥ ገብተህ ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። ሰማንያ ቀኑን ጭራሽ ረሳሁት ብላት "ታዲያ አንተ የልጆቻችንን ቀን መቼ ቆጥረህ ታውቃለህ? የቆጠርኩት እኔ ነኝ" ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ማክሰኞ

ብዙነሽ መጣች። ከኋላዋ አባባ ቱሉ፣ በነጭ ጋቢ። ሐኪሙ ጄሶውን አስፈትቶ እግሩን አገላብጦ አየና "ማን ያዘው?" አለ። ሁለቱን አሳየሁት። ሽማግሌውን በሁለት እጁ ጨበጣቸው፤ ለብዙነሽ ደግሞ ወንበሩን ለቀቀላት። "ሁለት የቀረው ሦስት ሆነ። ቢላዋ የለም" አለ።

ከዚያ የቀሩትን እናቶች ለማየት ወጣሁ። አግዳሚው ሙሉ ነው። ስብከቴን ልጀምር አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣ አለኝ። ቆምኩ። እናቶቹ ምን ነካው ብለው ያዩኛል።

"ከመካከላችሁ ልጇ ክርስትና ያልተነሳላት ማናት?" አልኩ።

ከጥጉ አንዲት ልጅ እግር እናት፣ ወንድ ልጇን እንዳቀፈች፣ በፍርሃት እጇን ከነጠላዋ አወጣች።

"ነገ ነው ጋሼ" አለች። "ዛሬ ማታ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ልዘፈዝፈው ነበር።"

ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። "አትዘፍዝፊው። አሁን እኔው እፈታልሻለሁ" አልኳት። "አስነሺውና፣ ሜሮኑ ሲደርቅ፣ ተመለሺ።"